አባባ ጀርባው ላይ ሞርፊን ሊወጋ ነው፣ ሱስ አያሲዘውም?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከሐይቅ ነው የምጽፍልህ። አባባ 71 አመቱ ነው፣ ፕሮስቴቱ አብጦ ሽንት ከልክሎት በቱቦ መሽናት ከጀመረ ወር አለፈው፣ አሁን ደሴ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዘናል። ሰመመን ሰጪው ከወገብ በታች ብቻ ነው የምናደነዝዘው፣ እዛው መርፌ ላይ ትንሽ ሞርፊን እንጨምራለን ሌሊቱን እንዳያመው አለን። ይሄን ቡና ላይ ባወራው አንዷ ሱስ ያሲዘዋል አለች፣ ሌላዋ ወገቡ ይሰበራል፣ አባባም ሰምቶ ህመሙን እችላለሁ አልፈልግም አለ። ምን ልበለው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ወሬው ከአቦል ተነስቶ በረካ ላይ ወገብ መስበሩ ነው 😄 መርፌው እኮ የሚገባው ህብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው፣ የተወጋበት ጥቂት ቀን ቢያማቸው ነው።

ሱስ ላሉት ደግሞ መጠኑን ንገሪያቸው። ጡንቻ ላይ የሚወጋ ሞርፊን 10 ሚሊግራም ገደማ ነው፣ ጀርባ ላይ የሚጨመረው ግን ብዙ ጊዜ 0.1 ሚሊግራም፣ የመቶ አንድ እጁ ማለት ነው፣ ነርቩ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ በቀጥታ ስለሚገባ ይቺው ትበቃለች። አንዴ ተሰጥቶ ያልቃል፣ ከምኑ ሱስ ይመጣል? ዋናው ማደንዘዣ ቡፒቫኬይን ሁለት ሶስት ሰአት ቆይቶ ይለቃል፣ እግራቸው መንቀሳቀስ ሲጀምር ህመሙም አብሮ ይመጣል፣ ፌንታኒል የሚባል ሌላ ማስታገሻ ቢጨመርበት ጥቂት ሰአት ነው የሚገፋው፣ ሞርፊን ግን እስከ 18 አንዳንዴም 24 ሰአት ይሄዳል። ህመሙን እችላለሁ ለሚሉት፣ ያመመው ሽማግሌ አይስልም አይነሳም፣ ከዛ ሳንባው ይታፈናል እግሩ ላይ ደም ይረጋል፣ እኔ ብሆን አስወጋ ነበር።

ሞርፊኑ ፊታቸውንና አፍንጫቸውን ሊያሳክካቸው ይችላል፣ ማቅለሽለሽም አለ፣ ይሄ ያልፋል። የምፈራው ትንፋሽ ነው፣ ጥቂት ሰው ላይ ነው ግን ከሰአታት በኋላ ሁሉ አተነፋፈስ ሊያዘገይ ስለሚችል የመጀመሪያዋን ሌሊት የሚያስታምመው ሰው ንቁ ይሁን፣ ደረታቸውን እያየ ይቁጠር፣ በደቂቃ ከ10 በታች ከሆነ ወይ ቀስቅሰውት አልነቃ ካለ ደክሞት ነው ይተኛ ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ነርስ ጥሩ። የእንቅልፍ ኪኒንም ከቤት ይዛችሁ እንዳትሰጡ።

ደሞ መርፌውን ተወግተውም ሽንቴ መጣ፣ ሽንቴ መጣ ይላሉ። ፊኛ ውስጥ ያለው የቱቦው ኳስ ነው እንደዛ የሚያደርጋቸው፣ እንዳያምጡ። ቱቦው ሽንት ማውረዱን አቁሞ ሆዳቸው ከተነፋ ግን ደም ረግቶ ዘግቶት ሊሆን ይችላል፣ ለሱ የቱቦው መታጠብ እንጂ ማስታገሻ አይሰራም።

አንድ ነገር ሳልረሳ፣ ዋርፋሪን ወይ ክሎፒዶግሬል ወይ ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ ለሰመመን ሰጪው ንገሪው፣ ቀድሞ የሚቆምበት ቀን ስላለው የቀጠሮው እለት ብትነግሪው ጀርባቸውን አይወጋም፣ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ። አላህ ያሽራቸው።