ጠዋት የተቀባሁት ሽቶ ለምን እስከ ምሳ አይቆይም?

ፎርጅድ ነው ብለሽ አትጣይው። «ከከዚራ ሰፈር ተነስቼ ከፊራ ገበያ ስደርስ ሽታው የለም» ላልሽው ዋናው ምክንያት የድሬዳዋ ሙቀትና የደረቀ ቆዳ ነው። ሽቶ በአልኮል የተበረዘ የመዓዛ ዘይት ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ያተነዋል። የሎሚና የብርቱካን ጠረን ቀድሞ ይበናል፤ ሰንደል፣ ዑድና ቫኒላ ይቆያሉ።

ገላሽን እንደታጠብሽ ሽታ የሌለው ቅባት ተቀቢ፤ ቫዝሊንም ይበቃል። ከዚያ አንገትሽና የክንድሽ መታጠፊያ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ርጪና ራሱ ይድረቅ። እጅ ለእጅ ማፋተጉን ተዪው፣ የመጀመሪያውን ጠረን ቶሎ ያጠፋዋል። ጠርሙሱ ላይ ያለውንም አንብቢ፦ «ኦ ደ ቷሌት» በአብዛኛው ከ«ኦ ደ ፓርፋም» ያነሰ ዘይት ስላለው ቶሎ ይጠፋል። ለሰርግ ከሆነ ልብስሽን ቀድመሽ በኡንሲ (በከሰል ላይ በሚጤሰው የመዓዛ ድብልቅ) አጥኚው፤ እኔ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ነጭ ነጠላ ላይ ግን ሽቶ አትርጪ፣ ያበላሻል።

ደግሞ ጨምረሽ ከመርጨትሽ በፊት አጠገብሽ ያለ ሰው ጠይቂ። አፍንጫ የራሱን ሽቶ ቶሎ ይለምዳል፤ አንቺ ባይሸትሽም ባጃጁ ውስጥ አብሮሽ የተቀመጠው ሊታፈን ይችላል።

አንድ የምለምንሽ፦ ስድስቱን ጠርሙስ መስኮት ስር ደርድሬያለሁ ብለሻል። ዛሬውኑ አንሺያቸው። እኔም ለውበቱ ብዬ ፀሐይ በሚገባበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ፣ በአንድ በጋ በጣም የምወደው ሽቶ ጠቁሮ እንደ ኮምጣጤ መሽተት ጀመረ። አሁን ሁሉም ከነካርቶናቸው ቁም ሳጥኑ ታችኛው መደብ ላይ ናቸው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ የሚያግለው ከላይ ነውና።