መልስ፦ ከጉንፋን ክትባት በኋላ ትከሻዬ አልነሳ አለ፣ ፋርማሲውን ልክሰስ?

እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። ስምንት ወር ሙሉ ፀጉር ለማበጠር ክንድ አልነሳ ሲል ቀላል አይደለም። አሜሪካ ስለሆንሽ ግን ፋርማሲውን በቀጥታ ለመክሰስ አትቸኩዪ። ለጉንፋን ክትባት ጉዳት መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ፌዴራሉ የክትባት ጉዳት ካሳ ፕሮግራም ነው። ማመልከቻው የሚገባው ዋሺንግተን ላለው ልዩ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ ተከሳሹም መንግሥት ነው።

በመርፌ አወጋግ የሚመጣ የትከሻ ጉዳት ከ2017 ጀምሮ ካሳ ከሚያስገኙት ጉዳቶች ተርታ ገብቷል። ሕመሙ በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመር፣ ከስድስት ወር በላይ መቆየት አለበት። ያ ትከሻ ቀድሞ የታመመ መሆን የለበትም።

ዋናው ጣጣ ማስረጃው ላይ ነው። እኛ ደግሞ “ይለቀኛል” እያልን ሐኪም ሳናይ መክረም እንወዳለን! ሐኪሙ ካርድሽ ላይ “ትከሻዋን ያማታል” ብቻ ጽፎ ከሆነ፣ ሕመሙ ከክትባቱ በኋላ መቼ እንደጀመረሽ አሁኑኑ ንገሪውና ይመዝግብልሽ። ከፋርማሲውም የክትባት መዝገብሽን ጠይቂ፤ የተወጋሽው ግራ ሆኖ “ቀኝ” ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ለማመልከት ሕመሙ ከጀመረሽ ቀን አንስቶ ሦስት ዓመት አለሽ። ለስቃይ የሚከፈለው ጣሪያው 250,000 ዶላር ነው። የሕክምና ወጪና የቀረ ደሞዝ ለብቻው ይታሰባል። ጠበቃው ከካሳሽ ላይ ፐርሰንት መቁረጥ አይችልም፣ ፕሮግራሙ ራሱ ይከፍለዋል። “ሲሶው የኔ ነው” የሚልሽ ካለ ጥለሽው ውጪ።

በዚያው ቀን የኮቪድም ተወግተሽ ከሆነ የትኛው ክትባት በየትኛው ክንድ እንደተወጋሽ ለዪ። የኮቪድ ክትባት በሌላ ፕሮግራም ነው የሚታየው፤ ጊዜውም አንድ ዓመት ብቻ ነው።