ፈረሱን የሰጠው ማን ነው?

የቼዝ ፕሮግራም ለምትሠሩ ልጆቼ፣

የምትልኩልኝን ጨዋታዎች አንድ በአንድ አያለሁ። ፕሮግራማችሁ ቢሾፕ ወይም ፈረስ ሆን ብሎ ያስበላና ያሸንፋል። «ጋሼ፣ ይዩልን፣ ታል ሆኗል!» ትሉኛላችሁ፤ በመስዋዕት ጨዋታው የታወቀውን ሚካኤል ታልን ማለታችሁ ነው። ደስታችሁ ይገባኛል። እኔም ጸጉሬ የሸበተው ሶፍትዌር ስጽፍ ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ የራሴን የቼዝ ፕሮግራም ስነካካ አመሻለሁ። ግን ከማጨብጨባችሁ በፊት ፈረሱን የሰጠው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ይህን የምለው አንዴ ስለተሸወድኩ ነው። ግንቦት 1997 እ.ኤ.አ.፣ ኒውዮርክ። የአይቢኤሙ የቼዝ ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ ከወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭ ጋር ስድስተኛውንና የመጨረሻውን ጨዋታ ሊጫወት ነው። ነጥባቸው 2.5 ለ2.5፣ እኩል። ካስፓሮቭ ካሮ-ካን የሚባለውን መክፈቻ ያዘ። በሰባተኛው እርምጃ ቢሾፑን ማውጣት ሲገባው ጥግ ላይ ያለውን ወታደር አንድ ቤት ገፋ። ማሽኑ ፈረሱን ኢ6 የተባለው ቤት ላይ ወርውሮ ወታደር በላ። ካስፓሮቭ ፈረሱን ወሰደ። ወዲያው ቼክ መጣና ንጉሡ ዲ8 ላይ ወጥቶ ቀረ። ካስል ማድረግ፣ ማለትም ንጉሡን ከሩኩ ጋር አዛውሮ መሸሸግ፣ ቀረ። ንግሥቱም የገዛ ቢሾፑን መውጫ ዘግታ ቆማለች። በ19ኛው እርምጃ ጨዋታው አለቀ።

ወሬውን ስሰማ «ማሽን ደፈረ!» እያልኩ ለጓደኞቼ ስሰብክ ከረምኩ። ያ እርምጃ ቀድሞውኑ መክፈቻ መዝገቡ ውስጥ፣ ሰዎች የጨዋታ መጀመሪያ እርምጃዎችን ጽፈው በሰጡት ዝርዝር ውስጥ፣ እንደነበረ ያወቅኩት በኋላ ነው። በሰከንድ 200 ሚሊዮን አቀማመጥ የሚመረምር ማሽን ፈረሱን ሲሰጥ የተጻፈለትን ነው ያነበበው። ድፍረቱ መዝገቡን ያዘጋጁት ሰዎች ነበር።

መዝገብ ባይኖርም ቶሎ አትመኑ። ፕሮግራሙ ፈረስ ሰጥቶ ከስድስት እርምጃ በኋላ ንግሥት እንደሚያገኝ ካየ፣ መመለሻ ቀኑ የታወቀ ብድር ሰጠ እንጂ አልተወራረደም። ከዚህ የባሰው ፍርሃት ነው። አንድ ቢሾፕ ታፍኖ መሞቱ አይቀርም እንበል። ፕሮግራሙ አሥር እርምጃ ብቻ የሚያይ ከሆነ ወታደሮቹን እየወረወረ መከራውን ወደ አሥራ አንደኛው ይገፋዋል። ከዓይኑ ሲርቅ የዳነ ይመስለዋል። የኮምፒውተር ቼዝ ተመራማሪው ሃንስ በርሊነር ይህን በአድማስ መሰለው፤ ከአድማሱ ወዲያ ያለው አይታይማ። ከውጭ ለሚያይ ግን ማዕበል የመሰለ ጥቃት ነው! አንዱን እንዲህ ያለ ጥፋት እኔው ራሴ ማስታወሻዬ ላይ «ድንቅ» ብዬ ጽፌዋለሁ።

እውነተኛውን ውርርድም ሞክሬዋለሁ። የጠጠሮቹን ዋጋ ቀነስኩና በንጉሥ ዙሪያ ላለ ጥቃት ነጥብ ጨመርኩ። በማግስቱ ፕሮግራሜ ቢሾፑን ኤች7 ላይ ሰውቶ እኔኑ ማት አደረገኝ። በደስታ ስጮህ ባለቤቴ ሌባ የገባ መስሏት ከመኝታ ቤት ወጣች። ከዚያ አዲሱን ከአሮጌው ቅጂ ጋር ሌሊቱን ሙሉ አጋጠምኳቸው። ጠዋት ስነሳ አሮጌው አዲሱን ደጋግሞ አሸንፎታል። ለካ እኔ የተሸነፍኩት ደንግጬ ነው።

መደንገጥ ግን ቀላል ነገር አይደለም። በ1960 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ ሚካኤል ታል ከወቅቱ ሻምፒዮን ከቦትቪኒክ ጋር ለዓለም ሻምፒዮናነት ሲጫወት፣ በስድስተኛው ጨዋታ ፈረሱን ኤፍ4 ላይ ሰጠ። ተንታኞች በኋላ መልስ አገኙለት። ቦትቪኒክ ግን ሰዓቱ እየቆጠረ፣ አዳራሹ እየተንጫጫ አላገኘውም። ታል አሸነፈ፤ በመጨረሻም ሻምፒዮን ሆነ። ዛሬ እናንተ ስልካችሁን ከፍታችሁ «ተሳስቷል» ትላላችሁ። ማንን ፊቱ አስቀምጣችሁ? ስቶክፊሽ የሚባለው የቼዝ ፕሮግራም አያልበውም። ታል የተወራረደው በሰው ላብ ላይ ነው። ስለዚህ የፕሮግራማችሁን መስዋዕት ስትመዝኑ ተጋጣሚው ማን እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደቀረው አብራችሁ ጻፉልኝ። ሰው ላይ የሠራ ነገር ማሽን ላይ ላይሠራ ይችላል፤ የሁለቱን ውጤት አትደባልቁ።

አልፋዜሮ የሚባለው የዲፕማይንድ ፕሮግራም ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. ከስቶክፊሽ 8 ጋር ባደረገው 100 ጨዋታ 28 አሸነፈ፣ 72 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። (ስለ ሰዓቱና ስለ ኮምፒውተሩ አቅም ቅሬታ ተነስቶ ነበር፤ አግባብም ነበረው።) ለረጅም ጫና ሲል ጠጠር ይለቅ ነበር። ግን ፈረስ ሦስት ወታደር ያወጣል ብሎ ማንም አልነገረውም። ሕጉን ብቻ ሰጡት፣ ከራሱ ጋር ተጫውቶ ተማረ። የሚገምተው ጨዋታው በማን አሸናፊነት እንደሚያልቅ ነው። እኛ አፋችንን ይዘን መስዋዕት የምንለው ለእሱ ተራ እርምጃ ነው። እንግዲህ እሱን ደፋር ማለት ይቻላል? እኔ አልልም፤ ጨዋታዎቹን ግን ደጋግሜ አያቸዋለሁ።

ለማንኛውም ከመላካችሁ በፊት መዝገቡን አጥፉትና ያንኑ እርምጃ ያገኘው እንደሆነ እዩ። ከእርምጃው በፊትና በኋላ ለራሱ ስንት ነጥብ እንደሰጠ መዝግቡ። ከዚያ አቀማመጡን መልሳችሁ፣ ጠጠር የተሰጠውን ወገን እናንተ ያዙ።

ባለፈው አንዱ ልጅ ቢሾፕ የተሰዋበት ጨዋታ ልኮልኝ ይህንኑ አልኩት። ለሦስት ቀን ጠፋ። ከዚያ ደወለ። «ጋሼ፣ ጥቁሩን ይዤ አሸነፍኩት» አለኝ። ከፍቶታል። «በስንተኛው ሙከራ?» አልኩት። ዝም አለ። «በአሥራ አንደኛው» አለ።