የቆመውን ቤት ሳይፈርስ ለኩት

ውድ ወጣቶች፣

እ.ኤ.አ. በ1944 የጀርመን ጦር የፖላንድን ዋና ከተማ ዋርሶን ሲያወድም ከታሪካዊው መሐል ከተማ ከ85 በመቶ በላዩ ጠፍቷል። አሮጌው ከተማ ዳግም ሲገነባ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቤርናርዶ ቤሎቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሣላቸው የጎዳና ሥዕሎች ረድተዋል። ለእኔ የሚበልጡት ግን የዋርሶ ፖሊቴክኒክ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ከጦርነቱ በፊት ለክተው የነደፏቸው፣ ተደብቀው የተረፉት ፕላኖች ናቸው። ሠዓሊው ለውበት ሲል ያየውን ይለውጥ ነበር፤ ተማሪዎቹ ሜትር ይዘው ነበር።

ታዋቂ ሕንፃ ፎቶ አያጣም። ሳይመዘገብ የሚጠፋው የተራው ቤት የጓሮ ደረጃ፣ የሱቁ መዝጊያ፣ የተከራዮቹ ክፍል ነው። እናንተም ከዚያ ጀምሩ።

ሜትሩን ከአንድ ማዕዘን ዘርግታችሁ በሩንም መስኮቱንም ከዚያው ዜሮ አንብቡ። ቁርጥራጭ ልኬት ከደመራችሁ የየአንዳንዱ ሚሊሜትር ስሕተት ይጠራቀምና ፕላኑ አልገጥም ይላል። የክፍሉን ሁለቱንም ሰያፎች፣ ማለትም ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለውን ርቀት፣ ለኩ፤ አሮጌ ክፍል ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ያዘነበለ ነው። የግድግዳውን ውፍረት በበሩ ላይ ውሰዱ፤ ውፍረቱ ድንገት ከተለወጠ፣ ቆይቶ የተቀጠለ ክፍል እንዳለ ጠርጥሩ። የቤቱን ፊት ለፊት ፎቶ ስታነሱ ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ ከግድግዳው አስጠግታችሁ አቁሙ፤ ያለ እሱ ከፎቶው ቁመት ማውጣት ያስቸግራል።

ቤቱ ፈርሶ ከሆነ አድራሻን ብቻ አትመኑ፤ የመንገድ ስምም የቤት ቁጥርም ይለወጣል። የይዞታ መዝገቡን ወደ ኋላ ተከተሉ። የግንባታ ፈቃድ በመዝገብ መገኘቱ ቤቱ መሠራቱን አያረጋግጥም፣ ቢሠራም ከጸደቀው ፕላን ሊለይ ይችላል። አሮጌ ካርታ በአዲሱ ላይ ስትደርቡ ቢያንስ አራት፣ ቢቻል ስምንት በሁለቱም ላይ የሚታዩ ነጥቦችን ከዳር እስከ ዳር በትናችሁ ምረጡ። የቤተ እምነት ማዕዘን ወይም የድንጋይ ድልድይ ይሆናል። የመንገድ ጠርዝ ግን አይሆንም፣ መንገድ ይሰፋልና። አሮጌ ፎቶ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ታትሞ እንደሆነ የሱቁ ጽሑፍ ያጋልጠዋል።

ትልልቅ ሰዎችን «በስንት ዓመተ ምሕረት ፈረሰ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ዓመት ይምታታል። «በየት በኩል ይገቡ ነበር? ሲገቡ በቀኝ ምን ነበር?» ብትሏቸው በሐሳብ እየተራመዱ ክፍሉን ሁሉ ይነግሯችኋል። ዓመቱን በኋላ ከልጅ መወለድ ወይም ከሚያስታውሱት ሌላ ነገር ጋር አያይዛችሁ አስሉት። ቃላቸው ከሰነድ ቢጋጭ ሁለቱንም መዝግቡ፤ ሰነድም ይሳሳታል።

በየፎቶው ቀኑን፣ ቦታውንና የቆማችሁበትን አቅጣጫ ጻፉ። ሥራውን በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ያዙት፤ አንዱ ቅጂ ከምትኖሩበት ቤት ውጭ ይሁን። ዋናውን የልኬት ወረቀት፣ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ቢሆንም፣ አትጣሉት፤ የተስተካከለው ፕላን ሲያጠራጥር የሚታረመው በእሱ ነው።