መሥራቹ የትኛውን ውሳኔ ይለቅልሻል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የዲጂታል ክፍያ ድርጅት ውስጥ በፕሮዳክት ማናጀርነት፣ ማለትም ምርቱ ላይ ምን እንደሚሠራና የቱ እንደሚቀድም በመወሰን ሥራ፣ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ለሱቆች የዕቃና የሽያጭ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ስታርትአፕ የፕሮዳክት ኃላፊ አድርጎ ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። ቢሮ የላቸውም፤ ሁሉም ከያለበት ሆኖ ነው የሚሠራው። መሥራቹ በርሊን፣ ኢንጂነሮቹ ናይሮቢና ሌጎስ፣ የሽያጭ ኃላፊዋ ኒውዮርክ ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ15 ሠራተኛ ወደ 40 አድገዋል። ክፍያው በዶላር ሲሆን አሁን ከማገኘው በብዙ ይበልጣል፤ የአክሲዮን ድርሻም አለው። ፍርሃቴ አንድ ነው፦ ፊት ለፊት የማላያቸውን ሰዎች ከአዲስ አበባ ሆኜ መምራት እችላለሁ? ሰ. ነኝ።

መልስ፦ እህቴ ሰ.፣ ለጠየቅሽው አጭር መልስ ልስጥሽና ወደ ዋናው ልለፍ። ትችያለሽ። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 አክሲዮኑን ናስዳክ በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ላይ ሲያቀርብ ሠራተኞቹ ሁሉ ከያሉበት ነበር የሚሠሩት። የውስጥ አሠራር መመሪያውን ማንም እንዲያነበው ኢንተርኔት ላይ ክፍት አድርጎታል፤ ስለ ፕሮዳክት ሥራ የጻፉትን ክፍል ሳታዪ አትፈርሚ።

እኔን ያሳሰበኝ ደብዳቤሽ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። ስለ ክፍያው ጽፈሻል፣ ስለ ከተሞቹ ጽፈሻል። እስከ ዛሬ «ይህ ይሠራ፣ ያ ይቆይ» እያለ ሲወስን የቆየው ማን እንደሆነ ግን አላነሳሽም። ልንገርሽ፦ መሥራቹ ነው። 15 ሰው ባለበት ድርጅት መሥራቹ ራሱ ደንበኛውን ያነጋግራል፣ ራሱ ለኢንጂነሩ ሥራ ይሰጣል፤ ያዋጣልም። 40 ሲሆኑ አንዱ የሰማውን ሌላው አይሰማም፤ አንቺን ያስፈለግሽው ለዚህ ነው። ሆኖም ኃላፊ መቅጠር አንድ ነገር ነው፣ ውሳኔን ለኃላፊው መልቀቅ ሌላ። ቤቱን አከራይቶ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ የሚያኖር አከራይ የሚመስል መሥራች ብዙ ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ቤቱን የሠራው እሱ ስለሆነ ነው።

እንዴት እንደሚሆን በምሳሌ ላሳይሽ። የሽያጭ ኃላፊዋ አንድ ትልቅ ደንበኛ አግኝታለች። ደንበኛው «ለእኔ የሚስማማ ወርኃዊ ሪፖርት ካልሠራችሁ አልፈርምም» ይላታል፤ እሷም መሥራቹን ታሳምነዋለች። ናይሮቢ ያለው ኢንጂነር በዚያ ሳምንት የያዘው ሥራ ግን ሌላ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋም ባለሱቁ ሽያጩን መመዝገብ እንዲችል አንቺ ያስቀደምሽውን ሥራ ይዟል። በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መሥራቹ ስላክ በተባለው የሥራ መልእክት መለዋወጫ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ «ሪፖርቱን እስከ ዓርብ ብናደርስላቸው ጥሩ ነበር» ብሎ ይጽፋል። ትእዛዝ አይመስልም፤ ነው ግን። ጠዋት ስትነሺ ኢንጂነሩ የአንቺን ሥራ አቁሞ ሪፖርቱን ጀምሯል። አንድ ቢሮ ውስጥ ብትሆኑ ኖሮ ኮሪደር ላይ አግኝቶ «የቱን ላስቀድም?» ይልሽ ነበር።

እዚያው በሰው ሁሉ ፊት አትከራከሪው። ዝምም አትበዪ። አለቃን አክብሮ ዝም ማለት እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ ከሩቅ ያለ ሰው ግን ዝምታሽን እንደ ስምምነት ይቆጥረዋል። መሥራቹን ለብቻው ደውለሽ አነጋግሪው፤ ከዚያ ውሳኔውን ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽፈሽ ለሁሉም አድርሺ። ችግሩ ምንድን ነው? ምን ወሰንን? ለዚህ ስንል የትኛውን ሥራ በስንት ሳምንት አዘገየን? ምን ብናይ ውሳኔውን እንቀለብሳለን? ክርክሩን የሚፈታው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። «ሪፖርቱን ካስቀደምን ያለ ኔትወርክ የሚሠራው ክፍል በሦስት ሳምንት ይዘገያል፤ ጥለውን የሄዱ ባለሱቆች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ ደግሞ ይኸው ነው» የሚል ጽሑፍ ፊቱ ሲቀመጥ መሥራቹ ራሱ ቆም ብሎ ያስባል። ባይመለስም ምን እንደተከፈለ ተመዝግቦ ይቀመጣል። የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከድርጅቱ ከፍተኛ አመራር ስብሰባ ስላይድ አስወጥቶ በሙሉ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ሰነድ እንዲቀርብ ያደረገው ቢሮ አጥቶ አይደለም። ስላይድ ላይ በአጫጭር ነጥቦች የተድበሰበሰ ሐሳብ፣ በተያያዘ ጽሑፍ ሲቀርብ ጉድለቱ ይታያል። እንግዲህ ጽሑፍ የሚያስጠላሽ ከሆነ ይህ ሥራ አይሆንሽም፤ ስብሰባ ከመምራት ይልቅ መጻፉ ይበዛል።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት መሥራቹን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «ባለፉት ጥቂት ወራት ሠራተኞችህ ተከራክረውህ ሐሳብህን የቀየርክበት የፕሮዳክት ውሳኔ የቱ ነው?» ምሳሌ ካጣ ጠርጥሪ። ቀጥለሽ፣ ሳታማክሪው ልትወስኚ የምትችያቸውን ጉዳዮች በኢሜይል እንዲጽፍልሽ አድርጊ፦ የሥራ ቅደም ተከተል፣ በሥርሽ የሚሠሩ ሰዎች ቅጥር፣ ዋጋ። ዋጋን ላይለቅ ይችላል፤ ገና በማደግ ላይ ባለ ድርጅት ይህ ያለ ነው። ቅደም ተከተሉን ካልለቀቀ ግን የሚቀጥርሽ ለጸሐፊነት ነው። ከኢንጂነሮቹ አንዱን እሱ በሌለበት ለማነጋገርም ፈቃድ ጠይቂ።

ስለ ሰዓት ብዙ አትጨነቂ። ናይሮቢ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፤ ሌጎስ በሁለት ሰዓት፣ በርሊን እንደ ወቅቱ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ኒውዮርክ ጠዋት ሥራ ሲገባ እኛ ጋ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አጭር ጊዜ ክርክር ለሚፈልግ ጉዳይ አቆዪው፤ ጠዋትሽን ለጽሑፍ። አሜሪካና አውሮፓ ሰዓታቸውን በተለያየ እሑድ ስለሚቀይሩ በፈረንጆቹ ማርች ለሁለት ሦስት ሳምንት ቀጠሮው ይዛባል። «3 ሰዓት» ብለሽ ብትጽፊ ደግሞ በስዋሂሊ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጠር ናይሮቢዎቹ ሊረዱሽ ይችላሉ፤ በርሊን ግን ሌሊት ይቀጥርሻል።

ገንዘቡ ላይ ጠንቀቅ በይ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበ ድርጅት ከሌላቸው የሚያስፈርሙሽ በቅጥር ሠራተኛነት ሳይሆን በግል አገልግሎት ሰጪነት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ የተሰጠው በመጀመሪያው ዓመት የ16 የሥራ ቀን ፈቃድና የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ በውልሽ ውስጥ ካልተጻፈ የለሽም። አሠሪ የሚከፍልልሽ የ11 በመቶ የጡረታ መዋጮም ይቀራል፤ ግብሩን የምታሳውቂው አንቺ ነሽ። ይህን ሁሉ ደምረሽ ነው ዶላሩን ከአሁኑ ደመወዝሽ ጋር የምታወዳድሪው። አክሲዮኑን በተመለከተ ብዛቱን ሲነግሩሽ «ከጠቅላላው ስንት በመቶ?» በያቸው። የተለመደው አሠራር በአራት ዓመት ቀስ በቀስ የሚሰጥና የመጀመሪያውን ዓመት ካልጨረሱ ምንም የማያስገኝ ነው፤ በ11ኛው ወር ብትለቂ ባዶ እጅሽን ነሽ። የሚሰጥሽ አክሲዮኑ ራሱ ሳይሆን አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ከሆነ፣ ከለቀቅሽ በኋላ ድርሻሽን የምትገዢበት ጊዜም ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ስለሆነ እንዲያራዝሙልሽ አሁን ተደራደሪ። በባንክ ያላቸው ገንዘብ ለስንት ወር እንደሚበቃቸው መጠየቅም ነውር የለውም።

የኔ አቋም ይህ ነው፤ ቅደም ተከተሉን በጽሑፍ ከለቀቀልሽ ክፍያው ትንሽ ቢቀንስም ግቢበት። «አብረን እናያለን» ብሎ ካለፈው አሁን ያለሽበት ቆዪ፤ ሌላ ይመጣል። የመልቀቂያ ደብዳቤሽን የሁለታችሁ ፊርማ ያለበት ውል እጅሽ ሳይገባ አታስገቢ፤ ለአሁኑ አሠሪሽም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለብሽ የሥራ መጀመሪያውን ቀን ያንን ቆጥረሽ ንገሪያቸው።