ያገለገለ ኢንተርኩለር ከመግዛትዎ በፊት የቱቦውን መንገድ ይለኩ

ጠያቂያችን በትርፍ ጊዜያቸው በሚያድሷት አሮጌ ሂሉክስ ላይ የ2ኤል-ቲ የናፍጣ ሞተር እንደገጠሙ፣ ሞተሩ ኢንተርኩለር (ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ፣ ያሞቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ዕቃ) ስለሌለው ከእርድ ዕቃ አንድ ገዝተው ማስገባት እንደሚፈልጉ፣ በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራም ከአይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና የወጣ ትልቅ ኢንተርኩለር በጥሩ ዋጋ እንዳገኙ ገልጸው «ልግዛው ወይስ ልተወው?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ በዚሁ ሞተር ላይ ይህንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያው አልተሳካልኝም፤ ሁለተኛው ግን እነሆ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ስለዚህ አጭሩ መልሴ «ለጊዜው አይግዙት» የሚል ሲሆን፣ ምክንያቱን ግን በዝርዝር ማስረዳት ይገባኛል።

ሐሳቡ ራሱ ትክክል ነው፤ እንዲያውም እኛ በምንኖርበት ከፍታ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ትርጉም አለው። ተርቦ አየርን ሲጨምቅ አየሩ ይሞቃል፣ የሞቀ አየር ደግሞ ይሳሳል፤ በመሆኑም ተርቦው ከደከመበት ግፊት ከፊሉ በሙቀት ምክንያት ይባክናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ተርቦው ከዚህ ቀጭን አየር ተነስቶ በጌጁ ላይ ያንኑ 0.6 ባር ለማሳየት አየሩን ይበልጥ መጭመቅ፣ ስለዚህም ይበልጥ ማሞቅ ግድ ይሆንበታል። ለመደበኛ ተርቦ በሚሠራው ስሌት፣ የውጭው አየር 22 ዲግሪ በሆነበት ቀን ከተርቦው የሚወጣው አየር በባሕር ወለል 83 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል። መካከለኛ ጥራት ያለው ኢንተርኩለር ይህን ወደ 50 ዲግሪ ሊያወርደው ይችላል፤ ይህም በኢንተርኩለሩ ውስጥ የሚጠፋው ግፊት ከተቀነሰ በኋላ ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር 10 በመቶ ያህል ያበዛዋል። ይህ ቁጥር ትንሽ ቢመስልም፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ የናፍጣ ሞተር ላይ በዓይን የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

ወደ ኤንፒአሩ ልመለስ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይኸው ነበርና ነገሩን በቅርብ አውቀዋለሁ። ዕቃው ጠንካራ ነው፤ ጫፎቹም በብየዳ የተያያዙ ሙሉ አሉሚኒየም ስለሆኑ በቀላሉ አይፈነዱም፤ ርካሽ መሆኑም እውነት ነው። ሆኖም ከ2,446 ሲሲ እጅግ ለሚበልጥ የጭነት መኪና ሞተር የተሠራ በመሆኑ፣ ሂሉክስ ላይ ሲቀመጥ የራዲያተሩን ፊት ከሞላ ጎደል ይሸፍነዋል። እኔም ፓራውልቱን (የፊት መከላከያውን) ቆርጬ፣ ላሜራውን አስተካክዬ እንደምንም አስገባሁትና በከተማ ውስጥ ለሁለት ወር ያለ ችግር ነዳሁት። ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ስመለስ፣ ከአባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ጎሐ ጽዮን በሚወጣው ረጅም ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከል ተነስቶ ወደ ቀዩ መስመር መጠጋት ጀመረ። ሦስት ጊዜ ቆሜ አቀዘቀዝኩት። በሦስተኛው ጊዜ ሞተሩን ሳላጠፋ ኮፈኑን ከፍቼ እጄን በኢንተርኩለሩና በራዲያተሩ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ባስገባ፣ ቬንትሌተሩ በኃይል እየዞረ ሳለ በጣቶቼ መካከል የሚያልፈው ንፋስ እስትንፋስ ያህል እንኳ አልነበረም። የ2ኤል-ቲ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ሙቀት ሲበዛበት እንደሚሰነጠቅ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል። የተርቦውን አየር አቀዘቅዛለሁ ብዬ ሞተሩን ልገድለው ነበር ማለት ነው። በማግሥቱ ፈታሁት።

ሁለተኛውን የጀመርኩት ከገበያ ሳይሆን ከካርቶን ነው፤ እርስዎም ከዚህ እንዲጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ከካርቶን 50 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳጥን ይሥሩና ከፊት መከላከያው ጀርባ፣ ከራዲያተሩ ታችኛ ግማሽ ፊት ለፊት በሽቦ ይሰሩት። ከራዲያተሩ ቢያንስ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ። ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማንኛውም ተጣጣፊ ቱቦ ይፈልጉና ከተርቦው አፍ እስከ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑም እስከ ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ድረስ ይዘርጉት። ባትሪው፣ የመሪው ማርሽ፣ የፊት መብራቱ ጀርባ፣ ሻንሲው የት ላይ እንደሚያግድዎ ያን ጊዜ ይታይዎታል። ሁለቱ አፎች በአንድ ወገን የሆኑ ኢንተርኩለር ነው የሚያስፈልግዎ ወይስ ግራና ቀኝ የሆኑ? የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። እኔ ከጠቅላላ ወጪዬ ከግማሽ በላይ የሆነውን ያወጣሁት ለኢንተርኩለሩ ሳይሆን ለቱቦ፣ ለማሰሪያና ለአርጎን ብየዳ ነውና፣ አፉ በተሳሳተ አቅጣጫ ያለ ርካሽ ዕቃ መጨረሻ ላይ ከሁሉም ውድ ሆኖ ይገኛል።

ከሞተሩ በላይ የሚቀመጠውን፣ ኮፈን ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ንፋስ የሚያገኘውን ዓይነት የሚመርጡም አሉ። የ3.0 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ ሂሉክስ በዚህ መልክ ነው የተሠራው፤ ቱቦው አጭር ስለሆነ ወጪው ይቀንሳል። ነገር ግን በከተማ መጨናነቅ ውስጥ መኪናው ቆሞ ሳለ ከሞተሩ የሚነሳው ሙቀት ኢንተርኩለሩን ራሱን ያግለዋል፤ ኮፈን መቁረጥም አለው። የፊቱን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ልኬቱን በወረቀት ይዘው ሲሄዱ ሶማሌ ተራም ሆነ ምናለሽ ተራ ፍለጋው ይቀልልዎታል። እኔ ያገኘሁት ከተጋጨ የናፍጣ ሚኒባስ የወጣ ነበር። ዕቃውን ሲያዩ በመጀመሪያ ጣትዎን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ አፉ ያስገቡና ይጥረጉ። ጥቂት ዘይት የተለመደ ነው፤ በዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከታየዎት ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ይተውት። ያ ብናኝ ተርቦው ተሰብሮ የበተነው ብረት ነው፤ በቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎች ውስጥ ተሰክቶ ስለሚቀር አጥበው ጨረስኩ ያሉት ቁራጭ አንድ ቀን ተነቅሎ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ጫፎቹ ፕላስቲክ ከሆኑ፣ አሉሚኒየሙ ፕላስቲኩን የጨበጠበትን ጥርስ ዙሪያውን ይመርምሩ፤ እዚያ ጋ ዘይት ካላበው የውስጡ ጎማ አልቋል ማለት ነው፣ ፕላስቲክም በብየዳ አይጠገንም። የተጣመሙ ቅጠሎች (በመተላለፊያዎቹ መካከል ያሉት ስስ የአሉሚኒየም ንጣፎች) ግን አያስጨንቁ፤ በቀጭን ጠፍጣፋ ብረት በትዕግሥት ይቃናሉ። ከሻጩ ጋር ግፊት ተሞክሮ ካፈሰሰ እንደሚመልሱለት አስቀድመው ይስማሙ፤ ጨዋ ሻጭ ይህን እንቢ አይልም።

እጥበቱ በናፍጣ ይጀመራል። ሞልተውት ሌሊቱን ያሳድሩት፣ እያገላበጡ ያፍስሱት፣ የሚወጣው እስኪጠራ ድረስ ይደጋግሙት፤ ከዚያ በሙቅ ውሃና በኦሞ አጥበው ፀሐይ ላይ ሙሉ ቀን ያድርቁት። በውስጡ የተጠራቀመ ዘይት ወይም ናፍጣ ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎ፤ የናፍጣ ሞተር በአየር መግቢያው ያገኘውን ዘይት እንደ ነዳጅ አቃጥሎ ቁልፍ ቢያጠፉት እንኳ የማይቆምበት አደጋ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አርጎን የሚበየድ ዕቃ በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አይታጠብ። አንዳንዱ ስፕሬይ ክሎሪን ያለበት ኬሚካል ስለሆነ፣ የብየዳው ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል። ለበያጁም ይህን ይንገሩት፤ ብዙዎቹ አያውቁትም።

ለፍተሻው አንዱን አፍ በወፍራም ጎማና በብረት ክዳን ዝጉ፣ በሌላው ክዳን ላይ የጎማ ቫልቭ ያስተክሉና ጎሚስታ ዘንድ ወስደው 1 ባር ያስሞሉት፤ ከዚያ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ይንከሩት። ክዳኖቹ በደንብ ካልታሰሩ እንደ ጥይት ስለሚወረወሩ ማንም ፊት ለፊታቸው አይቁም። አልፎ አልፎ የምትወጣ አንዲት አረፋ አታሳስብም፤ ተከታታይ የአረፋ ሰንሰለት ግን መበየድ አለበት።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ቱቦው። ከተርቦው የሚወጣው አየር 100 ዲግሪ እንደሚጠጋ ከላይ ተናግሬያለሁ። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች በርካሽነቱ የሚጠቀሙበት የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ ፈጽሞ አይሆንም፤ ይለሰልሳል፣ ከማሰሪያውም ይሾልካል። የራዲያተር ጎማም ቢሆን ለውሃ እንጂ ለዘይት ጭጋግ ስላልተሠራ ከወራት በኋላ ያብጥና ይላላል። ለቀጥታው ክፍል የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ብረት ቱቦ በቂ ነው፤ ዋጋውም ተመጣጣኝ ነው። ለመገጣጠሚያው ግን ከውስጡ ጨርቅ ያለበት የሲሊኮን ቱቦ ይግዙ፤ ለሲኖትራክ የሚሸጠው በየመለዋወጫ ሱቁ ስለሚገኝ ከዚያ ውስጥ ልኩን መርጦ መቁረጥ ይቻላል። ለ2.4 ሊትር ሞተር 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። ማርሚታ ቤት የሚታጠፍ ቱቦ ክርኑ ላይ ይጨመደድና ይጠብባል፤ ስለዚህ እኔ ክርኖቹን ከእርድ መኪናዎች የተርቦ ቱቦ ላይ ቆርጬ አስበየድኩ።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርዎትን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ልሙጥ በሆነ የብረት ጫፍ ላይ የታሰረ ሲሊኮን ማሰሪያው ምንም ያህል ቢጠብቅ አንድ ቀን ዳገት ላይ ይወረወራል፤ ጫፉ ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር ያስፈልገዋል። ከንፈር ማውጫ መሣሪያ ስላላገኘሁ በያጁ በእያንዳንዱ ጫፍ ዙሪያ ቀጭን የብየዳ መስመር አደረገልኝ፣ እኔም በፋይል አለሰለስኩት፤ ማሰሪያው ከዚያ ከንፈር ጀርባ ይቀመጣል። ማሰሪያውም በብሎንና በዳዶ የሚጠብቀው ሰፊው ዓይነት ይሁን፤ ጥርስ ያለው ቀጭኑ ሲሊኮኑን ይቆርጠዋል። ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ስለሚወዛወዝ በሁለቱ የብረት ቱቦዎች መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ፤ ሰው ነዳጅ እየሰጠ እርስዎ ኮፈን ስር ቆመው ቱቦው ሻንሲውን ይነካ እንደሆነ ይመልከቱ። በኢንተርኩለሩና በራዲያተሩ ዳር ያለውን ክፍተትም በላሜራና በስፖንጅ ይዝጉት፤ ንፋስ የቀለለውን መንገድ ይመርጣልና ካልዘጉበት በጎን ያልፋል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የተርቦውን አየር መግቢያ ቫልቭ ባለው ክዳን ዘግተው 0.5 ባር ይስጡትና በየመገጣጠሚያው የኦሞ አረፋ ይቀቡ። በዘይት መሙያው በኩል የሚሰማ መጠነኛ ፉጨት በፒስተን ቀለበቶች በኩል የሚያልፍ ስለሆነ አያስደንግጥዎ። ከማኒፎልዱ ወደ ናፍጣ ፓምፑ የምትሄደዋን ቀጭን የግፊት ቱቦም በቦታዋ መልሱ፤ እሷ ከተረሳች ፓምፑ ግፊት መኖሩን ስለማያውቅ መኪናው ከበፊቱ ይደክማል።

ውጤቱን በስሜት ሳይሆን በልኬት ይወቁ። የሙቀት ሽቦ ያለው ርካሽ መልቲሜትር ገዝቼ ከኢንተርኩለሩ በፊትና በኋላ አስገብቼ ለካሁ፦ በአንድ ረጅም ዳገት ላይ ሲገባ 96 ዲግሪ የነበረው ሲወጣ 47 ሆነ፤ ጭሱም በግልጽ ቀነሰ። ግፊቱን በሁለቱም በኩል ይለኩት፤ ልዩነቱ ከ0.1 ባር ከበለጠ የሆነ ቦታ ጠቦብዎታል። ጉልበትን በተመለከተ ግን ናፍጣ ካልተጨመረ ብዙ አይጠብቁ፤ ናፍጣውን ለመጨመር የፓምፑን ብሎን ከመንካትዎ በፊት ደግሞ የጭስ ሙቀት ጌጅ ይግጠሙ። ከተርቦው በፊት ያለው ሙቀት ለረጅም ጊዜ ከ700 ዲግሪ በላይ ከቆየ ፒስተኑና ቴስታታው አይችሉትም።

ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ማሰሪያዎቹን ሁሉ ደግመው ያጥብቁ፤ ዘይት በቀየሩ ቁጥርም የታችኛውን ቱቦ ፈትተው የተጠራቀመ ዘይት ካለ ያፍስሱ። አሁን ግን ካርቶኑን ይሥሩና ከፓራውልቱ እስከ ራዲያተሩ ያለውን ርቀት፣ እንዲሁም የተርቦው አፍ በየትኛው ወገን እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ የትኛው ዓይነት እንደሚገባ አብረን እናያለን።