ተረከዜ ይነሳል፣ ክርኔ አይዘረጋም፦ ብረት ለሚማሩ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት «ስናች እና ክሊን ኤንድ ጀርክ ስትማሩ ሰውነታችሁ እምቢ ካላችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ስናች ብረቱን ከመሬት በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ማንሳት ነው፤ ክሊን ኤንድ ጀርክ ደግሞ መጀመሪያ ትከሻ ላይ መቀበል (ክሊን)፣ ከዚያ ከራስ በላይ መግፋት (ጀርክ) ነው። ከሳቢያን፣ ከከዚራ፣ ከሐረርም ብዙ ጥያቄ መጣ። እዚህ ድሬዳዋ ብረት ማንሳት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ፤ ጀማሪዎችንም አሠለጥናለሁ። ሐኪም ግን አይደለሁም። እብጠት ወይም የሚወጋ ሕመም ያለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ስሠራ፣ ስወርድ ተረከዜ ይነሳል። ጓደኞቼ ስንፍና ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም ወንድሜ። ቁርጭምጭሚትህ ነው። ዛሬውኑ ለካው። ጫማህን አውልቅና ግድግዳ ፊት በአንድ ጉልበትህ ተንበርከክ። የፊተኛውን እግርህን አውራ ጣት ከግድግዳው 10 ሴንቲሜትር አርቀው። ተረከዝህ ሳይነሳ ጉልበትህ ግድግዳውን ከነካ ደህና ነህ። ካልነካ የት ጋ እንደያዘህ አስተውል። ባትህ ላይ ከተወጠረ ጡንቻ ነው፣ በልምምድ ይላላል። ከፊት፣ እግርህ መታጠፊያው ላይ የሆነ ነገር የተቀረቀረ ከመሰለህ ግን አጥንት ሊሆን ይችላል። አጥንትን ስበህ አታረዝመውም።

ጡንቻ ከሆነ በየቀኑ ቁጢጥ በል። እናቴ ግቢ ውስጥ ሳፋ ፊት ቁጢጥ ብላ ልብስ ስታጥብ ብታያት! ተረከዟ መሬት ላይ ተለጥፏል፣ ጉልበቷ ከጣቶቿ አልፏል፣ እሷ ግን እያወራች ታጥባለች። ስናች የምንቀበልበት አቀማመጥ ያው ነው። እኛ ወንበር ስንለምድ ጠፋብን። ከ1 ደቂቃ ጀምረህ ቀስ በቀስ 5 አድርሰው። ባለ 5 ኪሎ ዲስክ ጉልበትህ ላይ ጣል ብታደርግበት ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

አጥንት ከሆነ ተረከዝህን ከፍ አድርግ። የክብደት አንሺ ጫማ ተረከዙ ጠንካራና 2 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ያለው ለዚህ ነው። ኦሎምፒክ ላይም የሚደረገው እሱ ነው፣ አትፈር። ዋጋው አይቀመስም ካልክ ሶሉ ደረቅ የሆነ ጫማ ይዘህ ጫማ ሰፊ ጋ ሂድና እንጨት ወይም ጠንካራ ጎማ አስጨምርበት። የሩጫ ጫማ ግን ተው። ስፖንጁ ክብደት ሲያርፍበት ይሰምጣል።

ክሊን ስቀበል የእጄ አንጓ የሚሰበር ይመስለኛል። የምንሠራው ሰፈር ውስጥ ራሳችን በሠራነው ብረት ነው።

እስቲ መጀመሪያ ብረቱን እንጠርጥር። ቱቦ ላይ በቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልታችሁ የሠራችሁት ከሆነ አይሽከረከርም። የኦሎምፒክ ባር ጫፎች ለብቻቸው ይዞራሉ፤ እጅህ ሲገለበጥ ዲስኩ አብሮ አይገለበጥም። እናንተ ጋ ግን ያን ሁሉ ሲሚንቶ የሚያዞረው አንጓህ ነው። በዚያ ብረት ዴድሊፍት (ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) እና ስኳት ሥሩበት። ክሊኑን እውነተኛ ባር እስክታገኙ በመጥረጊያ እንጨት ተለማመዱት።

ሌላው፣ ባሩ የሚያርፈው ትከሻህ ላይ ነው። እጅህ ባሩ እንዳይንሸራተት ብቻ ነው የሚጠብቀው። ከባሩ ስር 2 ወይም 3 ጣት ከቀረ ይበቃል። ክርንህን ወደ ፊት ከፍ አድርገው። አሁንም ካስቸገረህ እጆችህን ትንሽ አስፋቸው። ከክርን በታች ክንዳቸው ረጅም የሆነ ልጆች ብዙ ጊዜ በዚህች ብቻ ይገላገላሉ።

ልጅ ሆኜ ክንዴ ተሰብሮ ነበር፣ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም። ስናች ይቅርብኝ?

አይቅርብህ። የእኔም ግራ ክርን እንዲሁ ነው። በ11 ዓመቴ ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ ስንጫወት ወደቅኩ። ወጌሻ ጋ ወሰዱኝና ታሰረልኝ። ሲፈታ ጎበጥ ብሎ ቀረ። ብረት ስጀምር አንድ አሠልጣኝ «ይላቀቃል» ብሎ ክርኔን በጉልበት ተጫነው። አብጦ 3 ሳምንት ሸሚዝ መቆለፍ አቃተኝ። ማንም እንዲህ እንዲያደርግህ አትፍቀድ።

በውድድር ሕግ ክርን ታጥፎ ከቆየ በኋላ ገፍቶ መዘርጋት ያስጥላል። ግን ክርኑ የማይዘረጋ ሰው ከማንሳቱ በፊት ለዳኞቹ ያሳያል። እኔ መድረክ ስወጣ መጀመሪያ ሁለቱን ክንዶቼን ዘርግቼ አሳያቸዋለሁ፣ ከዚያ ነው ወደ ባሩ የምጎነበሰው።

ልምምድ ላይ ባሩ ወደታጠፈው እጅ ያዘነብላል። እኔ ደህናውን እጄን አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ሳወጣው ተስተካከለልኝ። ክርንህ ስለማይቆለፍ ደግሞ ክብደቱን ጡንቻህ ነው የሚሸከመው። ስለዚህ ቀለል ያለ ባር ከራስህ በላይ 10 ሰከንድ ይዘህ ቁም፣ ደጋግመህ። ይቺን አትዝለላት።

እጄ ትንሽ ነው፣ ባሩ ያመልጠኛል። ደግሞ ሂጃብ አደርጋለሁ፤ መወዳደር እችላለሁ?

ትችያለሽ እህቴ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን ልብስ ከፈቀደ ቆይቷል፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። የሴቶች ባር 15 ኪሎ ሆኖ ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር ነው፤ የወንዶቹ 20 ኪሎና 28 ሚሊሜትር። ጂምሽ ውስጥ ያለው የወንዶቹ ብቻ ከሆነ ችግሩ ከእጅሽ አይደለም። አውራ ጣትሽን ባሩ ላይ ጠቅልለሽ በሌባ ጣትና በመሃል ጣትሽ ቆልፊው። መጀመሪያ አካባቢ ያማል፣ ከዚያ ትለምጂዋለሽ።

ልጄ፣ 54 ዓመቴ ነው፣ ሐረር ነኝ። እጄን ወደ ላይ ሳነሳ ከጆሮዬ አያልፍም።

ጋሼ፣ ጀርባዎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወገብዎ ሳይለቅ እጅዎን ያንሱ። ወገብዎ ከግድግዳው ከተላቀቀ ብዙ ጊዜ የደረቀው ከትከሻ ይልቅ የላይኛው ጀርባ ነው። እንዳይቆጡኝ እንጂ፣ ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ጎበጥ ብሎ ሰዓታት መቀመጥም የራሱን ያደርጋል። ፎጣ ጠቅልለው ከትከሻዎ አጥንቶች መሃል ስር ያድርጉና በየማታው 5 ደቂቃ በጀርባዎ ይተኙ። እስከዚያው ባሩ ትከሻ ላይ የሚቀርበትን፣ ሳይቀመጡ የሚቀበሉትን ክሊን ይሥሩ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ብረት ሲነሳ ትንፋሽ ስለሚያዝ ደም ግፊት ይጨምራል። ሳይለኩ አይጀምሩ።

1 ሜትር ከ92 ነኝ። ስናች የአጭር ሰው ነው ይሉኛል።

አቦ ተዋቸው! ረጅም መንገድ ታነሳዋለህ፣ እሱ እውነት ነው። ቀጥ ብለህ ስትቆም ባሩ ጭንህና ሆድህ የሚገናኙበት እጥፋት ላይ እስኪያርፍ እጅህን አስፋ። ስትጀምርም ዳሌህ ከአጫጭሮቹ ከፍ ቢል አትደንግጥ።

ለውጥ ለማየት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

አብሮን የሚሠራ ባጃጅ ነጂ አለ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ግድግዳው ላይ ስንለካው 5 ሴንቲሜትር ነበር። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ባጃጁ ጥላ ስር ቁጢጥ ማለት ጀመረ። በ4 ወር 9 ደረሰ። አሁንም 10 አልሞላም፣ ግን ባለፈው ማክሰኞ ባዶ ባር ይዞ ታች ድረስ ተቀመጠ፣ ተረከዙም ሳይነሳ ቆመ።